ያረጀ ሎግ አዲሱን ዳታ እንዳይበላው

መብራት ድንገት ጠፋ። ሰርቨሩም አብሮ ተዘጋ። ተመልሶ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ «ጆርናሉን እየመለስኩ ነው» የምትል አንዲት መስመር ብልጭ ትልና ታልፋለች። አብዛኞቻችን እሷን ስናይ እፎይ እንላለን። ሲስተሙ ራሱን እያከመ ነው፣ ትንሽ እንጠብቅና ሥራችንን እንቀጥላለን።

እኔ ግን ያቺን መስመር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። በዚያች ቅጽበት ፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም ፋይሎቻችንን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ክፍል፣ ማንንም ሳይጠይቅ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ነው። የሚጽፈው ደግሞ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ሎጉ (ጆርናሉ ማለት ነው፣ የለውጦች መዝገብ) ውስጥ ያስቀመጠውን፣ ማለትም ያረጀውን ነው። ያረጀው አዲሱ ላይ ከተጻፈ አዲሱ የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ባክአፕ ከሌለ ማንም ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም።

ስለ ሎግ ሪከቨሪ፣ ማለትም ከአደጋ በኋላ ከሎጉ ስለ መመለስ፣ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምን እንደሚመለስ ነው። ከባዱ ሥራ ግን የቱ መመለስ እንደሌለበት መለየቱ ላይ ነው ያለው። የፋይል ሲስተም ሠሪዎች ለዓመታት የለፉበት ጉዳይ ነው፣ እኛ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው ልፋታቸውን እናበላሸዋለን። ሁለቱንም ላስረዳችሁ።

ሎጉ ምን ይሠራል

አንድ ፋይል ስትፈጥሩ አንድ ነገር ብቻ የተደረገ ይመስላል። ከሥር ግን ቢያንስ አራት ቦታ ይነካል። የፋይሉ ኢኖድ፣ ማለትም ይዘቱ የት እንዳለ የሚይዘው መዝገብ፣ አለ፣ ስሙ የሚገባበት ዳይሬክተሪ አለ፣ የትኛው ብሎክ (የዲስክ ቁራጭ) እንደተያዘ የሚያሳየው ቢትማፕ አለ፣ ስንት ነጻ ቦታ እንደቀረ የሚይዘው ቆጠራም አለ። ዲስኩ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጻፍ አይችልም። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ዳይሬክተሪው «ፋይሉ አለ» ይላል፣ ቢትማፑ ደግሞ «ቦታው ባዶ ነው» ይላል። ከዚያ ያ «ባዶ» ቦታ ለሌላ ፋይል ይሰጥና ሁለት ፋይሎች አንድ ብሎክ ላይ ይጣላሉ።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። ለውጡን በሙሉ መጀመሪያ ሎጉ ላይ ጻፍ። «ይሄ ተጠናቋል» የሚል ኮሚት አስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ሲኖርህ እያንዳንዱን ብሎክ ወደ ትክክለኛ ቦታው ውሰድ። ይሄ የመጨረሻው ሥራ ቼክፖይንት ይባላል። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም በ1993፣ ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ሌላው በ1994 ይዘውት ወጡ፤ ሊኑክስ ላይ ብዙ ሰው የለመደው ደግሞ ኤክስት3 በ2001 ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ ሲገባ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ኤክስት4 የዚያው ልጅ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሎጉ ክብ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይዞርና የድሮውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ድንገት ሲሞት ፋይል ሲስተሙ የትኛው ብሎክ ቦታው እንደደረሰና የትኛው እንዳልደረሰ በእርግጠኝነት አያውቅም። ስለዚህ ሲነሳ በሎጉ ውስጥ ያለውን ከጅራቱ (ከአሮጌው ጫፍ) እስከ ራሱ (እስከ አዲሱ ጫፍ) በተራ መልሶ ይጽፋል፣ የደረሰውንም ያልደረሰውንም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

የብሎክ 8200 ታሪክ

ነገሩን በምሳሌ በዝግታ እንየው። ኤክስት4 በተለመደው አሠራሩ፣ ኦርደርድ በሚባለው፣ ሎጉ ላይ የሚጽፈው ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ ፋይሎቹ የሚናገረውን መረጃ፣ ብቻ ነው። የፋይሉ ይዘት፣ ማለትም እናንተ የጻፋችሁት ነገር፣ ሎጉን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል። ይህን ያዙት።

ትራንዛክሽን 41 (ትራንዛክሽን አብሮ ኮሚት የሚደረግ የለውጦች ጥቅል ነው) ላይ አንድ ዳይሬክተሪ ውስጥ አዲስ ስም ተጨመረ። የዚያ ዳይሬክተሪ ይዘት ያለው ብሎክ 8200 ላይ ነው። ሎጉ የብሎክ 8200ን ሙሉ ግልባጭ፣ 4096 ባይቱን እንዳለ፣ ወሰደ። ትራንዛክሽን 43 ላይ ያ ዳይሬክተሪ ተሰረዘ፣ ብሎክ 8200ም ነጻ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው የሦስት ወር ሥራውን የያዘ ሰነድ አስቀመጠ፣ ፋይል ሲስተሙም ለሰነዱ ብሎክ 8200ን ሰጠው። ይዘቱ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ተጻፈ። ትራንዛክሽን 44 ደግሞ «የዚህ ሰነድ ይዘት ብሎክ 8200 ላይ ነው» የሚለውን ኢኖድ መዘገበ። ፕሮግራሙ «ተቀምጧል» ብሎ ለሰውየው ነገረው። ሰውየውም አመነ።

መብራት ጠፋ።

ሲነሳ ሎጉ ውስጥ 41፣ 42፣ 43፣ 44 አሉ። ጥንቃቄ የሌለው ሪከቨሪ ከ41 ይጀምርና የብሎክ 8200ን የድሮ ግልባጭ፣ ያንን የተሰረዘ ዳይሬክተሪ፣ አንስቶ ሰነዱ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ 43ን ይመልሳል። 44ንም ይመልሳል። አልቋል። አሁን ኢኖዱ ትክክል ነው፣ ቢትማፑ ትክክል ነው፣ ቆጠራው ትክክል ነው። ኤፍኤስሲኬ የሚባለውን መመርመሪያ ብታስኬዱበት «ንጹሕ ነው» ይላችኋል፣ አልዋሸም፣ ምክንያቱም እሱ የሚያየው የሜታዳታውን መስማማት እንጂ የሰነዱን ይዘት አይደለም። ሰውየው ሰነዱን ሲከፍተው ግን በቦታው የሞተ ዳይሬክተሪ የስም ዝርዝር ያገኛል። የስህተት መልእክት የለም። ቀይ መብራት የለም። ምናልባት የሚያውቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ባክአፑም የተበላሸውን ይዞ ሊሆን ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ዝምታው ነው። ዲስክ ሲሞት ይጮኻል፣ እንደዚህ ዓይነት ጥፋት ግን አይጮኽም።

«ይሄን አትመልስ» የምትል ማስታወሻ

ታዲያ ትራንዛክሽን 41ን ከሎጉ ላይ ብንሰርዘውስ? አይሆንም። እሱ ኮሚት ተደርጓል፣ ውስጡ ሌሎች የሚያስፈልጉ ብሎኮችም አሉ፣ ደግሞ የተጠናቀቀ ሎግ ውስጥ ገብቶ መነካካት ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሎግ የሚጻፈው ወደ ፊት ብቻ ነው።

ስለዚህ የተደረገው ወደ ፊት የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ትራንዛክሽን 43 ብሎክ 8200ን ነጻ ሲያወጣ አብሮ «ሪቮክ» የሚባል መዝገብ ያስቀምጣል። ትርጉሙ «እኔንም ጨምሮ እስከ 43 ድረስ ያለ የብሎክ 8200 ግልባጭ ሁሉ ተሽሯል» ነው። ጄቢዲ2 የሚባለው የኤክስት4 የጆርናል ክፍል በሪከቨሪ ጊዜ ሎጉን የሚያነበው ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሎጉ የት እንደሚያልቅ ይፈልጋል። በሁለተኛው የሽረት ማስታወሻዎቹን ሁሉ ለቅሞ ሰንጠረዥ ውስጥ ያስገባል። መጻፍ የሚጀምረው በሦስተኛው ነው፣ እያንዳንዱን ብሎክ ከመጻፉ በፊትም ሰንጠረዡን ይጠይቃል። ብሎክ 8200 ከትራንዛክሽን 41 መጣ? 41 ከ43 አይበልጥም፣ ዝለለው። የሰውየው ሰነድ ተረፈ።

ለምን ሦስት ጊዜ? ሽረቱ ከግልባጩ በኋላ ነው የሚመጣው። በአንድ ዙር እያነበብክ ከጻፍክ 43 ላይ ደርሰህ «ውይ፣ 41ን መጻፍ አልነበረብኝም» ትላለህ፣ ያኔ ግን ረፍዷል። መጀመሪያ ሁሉንም ማንበብ፣ ከዚያ መጻፍ። እዚህ ያለው ብልህነት ከቁጥር ማወዳደር የማይበልጥ ነው፣ ቢሆንም ስንት ሰው ሥራ እንዳተረፈ ሳስበው ይገርመኛል።

ብሎክ 8200 ቆይቶ እንደገና ሜታዳታ ቢሆንስ? ለምሳሌ ትራንዛክሽን 47 ላይ የሌላ ዳይሬክተሪ ብሎክ ሆኖ ቢመዘገብ? 47 ከ43 ስለሚበልጥ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሽረቱ ብሎኩን ብቻ ሳይሆን የትራንዛክሽን ቁጥሩንም የሚይዘው። ብሎኩን ብቻ ቢይዝ ኖሮ አንዱን ጥፋት ሲከላከል ሌላ ይፈጥር ነበር፣ መመለስ የሚገባውን ይዘለው ነበር።

ኤክስኤፍኤስም ያው ችግር አለበት፣ መልሱም የቅርብ ዘመድ ነው። እሱ ሎጉን ሁለት ጊዜ ያነባል። በፊተኛው ዙር «ካንስል» የተባሉትን በፈሮች (ብሎኮች) ይመዘግባል፣ አንድ በፈር ስንት ጊዜ እንደተሰረዘም ይቆጥራል። በኋለኛው ዙር እየጻፈ ሲሄድ የስረዛ መዝገብ ባገኘ ቁጥር ከቆጠራው አንድ ይቀንሳል፣ ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው የዚያ ብሎክ ግልባጭ ሕያው ነው ማለት ነው፣ ይጻፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሽረቱ ብቻውን አይበቃም። ብሎክ 8200 ነጻ የወጣበት ትራንዛክሽን ኮሚት ሳይደረግ ብሎኩ ለሌላ ፋይል ይዘት መሰጠት የለበትም። ከተሰጠና መብራት ከጠፋ፣ ስረዛው አልተደረገም ማለት ነው፣ ዳይሬክተሪው በሕይወት አለ፣ ብሎኩ ላይ ግን የሌላ ሰው ሰነድ ተቀምጧል። ኤክስት4 ነጻ የወጡ ብሎኮችን ኮሚቱ እስኪያልቅ አግቶ ያቆያቸዋል። ኤክስኤፍኤስ ደግሞ «ቢዚ» ብሎ መዝግቦ፣ የግድ ካስፈለጉ መጀመሪያ ሎጉን ወደ ዲስክ ገፍቶ ያስወጣል። ኤስኤስዲ ላይ «ይሄን ቦታ አልፈልገውም፣ አጽዳው» የሚለው የዲስካርድ ትእዛዝም ያንኑ ወረፋ ነው የሚጠብቀው።

አዲሱ ሜታዳታ በድሮው ሲተካ

እስካሁን ያየነው የፋይል ይዘት ሲጠፋ ነው። ሜታዳታውስ? አንድ ዳይሬክተሪ ሎጉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል እንበል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዲስኩ ላይ በቦታው ደርሷል። ሪከቨሪው አንደኛውን ይጽፋል፣ ማለትም አዲሱን በድሮው ይተካል። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። መጨረሻው ትክክል ነው። መሀሉ ግን ትክክል አይደለም።

መሀሉ ላይ ምን ሊፈጠር ይችላል? መብራቱ እንደገና ሊጠፋ ይችላል። ይሄኛው ብዙም አያስጨንቅም፣ ሎጉ እስካለ ድረስ ከመጀመሪያው ይደገማል፣ አሥር ጊዜ ቢደገምም ውጤቱ ያው ነው። ለዚህም ነው ጄቢዲ2 የመለሰው ሁሉ ከዲስኩ ካሽ፣ ማለትም ከጊዜያዊ ሜሞሪው፣ ወጥቶ በእርግጥ መቀመጡን ሳያረጋግጥ ሎጉን «ባዶ ነው» ብሎ የማይፈርመው። የሚያስጨንቀው ሌላው ነው። የሎጉ ራሱ አንድ ክፍል ተበላሽቶ ሦስተኛው መዝገብ ሳይነበብ ቢቀርስ? ዲስኩ ላይ ሦስተኛው ነበረ፣ ደህና ነበረ። ሪከቨሪው አንደኛውንና ሁለተኛውን ጻፈበት፣ ከዚያ ተሰናከለና ቆመ። አሁን ዲስኩ ከሪከቨሪው በፊት ከነበረበት የባሰ ቦታ ላይ ነው። መድኃኒቱ በሽታ ሆነ።

ለዚህ መልሱ የመጣው ከዳታቤዝ ሰዎች ነው። አይቢኤም ውስጥ የተሠራውና በ1992 ጽሑፉ የታተመው ኤሪስ የሚባለው ዘዴ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቁጥር ያትማል። ቁጥሩ «እኔን መጨረሻ የነካኝ የሎግ መዝገብ ይሄ ነው» ይላል። ኤልኤስኤን ይባላል። ሪከቨሪ ሲመጣ ሎጉ ውስጥ ያለውን ቁጥርና ገጹ ላይ ያለውን ያስተያያል። የገጹ ቁጥር እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ገጹ አዲስ ነው፣ አይነካም።

ኤክስኤፍኤስ ይህንን ያስገባው አምስተኛው የዲስክ ቅርጹ ላይ ነው፣ በ2013። ከዚያ ወዲህ ሜታዳታ ብሎኮቹ ኤልኤስኤን፣ የስህተት ማረጋገጫ ድምር፣ የፋይል ሲስተሙን መለያና የራሳቸውን አድራሻ ተሸክመው ይዞራሉ። መለያው ለምን? ያው ዲስክ ከዚህ በፊት ሌላ ኤክስኤፍኤስ ኖሮበት ፎርማት ተደርጎ ከሆነ፣ የድሮው ብሎክ ቅሪት አዲሱን መስሎ እንዳይቀርብ ነው።

ግን ቁጥር ማመን የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ሎጉን በግድ ቢያጸዳው፣ ሎጉ ቁጥሩን ከ1 ቢጀምር፣ ዲስኩ ላይ ያሉት ብሎኮች ትልቅ ቁጥር ይዘው ይቀራሉ። በሚቀጥለው ሪከቨሪ ሁሉም ብሎክ «እኔ አዲስ ነኝ፣ አትንካኝ» ይላል፣ መመለስ የሚገባው ሳይመለስ ይቀራል። ይሄ በተግባር የታየ ችግር ነው። አሁን ከርነሉ ከሎጉ የበለጠ ቁጥር ያለው ብሎክ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፣ የመጠገኛ መሣሪያውን ስሪት 4.3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን አስኪዱ ይላል፣ መሣሪያውም ሎጉን ሲያጸዳ ቁጥሩን ከነበረው በላይ አድርጎ ያስጀምረዋል። ዲሜስግ ውስጥ፣ ማለትም ከርነሉ መልእክቱን በሚያሳይበት፣ ይህን ማስጠንቀቂያ ካያችሁ አትለፉት።

ሎጉ ራሱ ሲደመሰስ

ሎጉ ክብ ነው ብያለሁ። ራሱ፣ ማለትም አዲሱ ጫፍ፣ ጅራቱን ያሳድዳል። ራሱ ጅራቱን አልፎ ከጻፈ፣ ገና ቦታቸው ያልደረሱ ብሎኮች መዝገብ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ ብሎኮቹ ቦታቸው ይድረሱ፣ ከዚያ ጅራቱ ወደ ፊት መሄዱ ይመዝገብ፣ ቦታው እንደገና የሚጻፍበት ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የዲስኩ ካሽ ነው። ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ይላል፣ እውነቱ ግን መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ሜሞሪ ውስጥ ይዞት ነው። ፋይል ሲስተሙ ይህን ስለሚያውቅ በየወሳኙ ቦታ «ካሽህን አውጣ» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ ጊዜ ይወስዳል። ፍጥነት ፈላጊ ሰው ደግሞ ያጠፋዋል፣ ኤክስት4 ላይ ባሪየር የሚባለውን ምርጫ ዜሮ በማድረግ። ኤክስኤፍኤስ ይህን ምርጫ ጭራሽ አስወግዶታል፣ ደግ አደረገ። በባትሪ የተደገፈ ካሽ ከሌላችሁና ይህን አጥፍታችሁ ከሆነ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ጥበብ ሁሉ እናንተ ጋ አይሠራም። ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ የሚያመሳክረው ነገር ስለማይኖር ነው።

እዚህ ጋ የምወዳት አንዲት ዝርዝር አለች። ጄቢዲ2 የራሱን መዝገቦች የሚለየው መጀመሪያቸው ላይ ባለ አራት ባይት ምልክት ነው። ሎጉ ውስጥ የገባው የእናንተ ብሎክ በአጋጣሚ በዚያው ምልክት ቢጀምርስ? ሪከቨሪው የእናንተን ዳታ የራሱ መመሪያ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ እንደዚያ ያለ ብሎክ ሲያገኝ ምልክቱን በዜሮ ይተካና «ይሄ የተሸፈነ ነው» ብሎ በጎን ይጽፋል፣ ሲመልሰው ምልክቱን መልሶ ያስገባዋል። ምን ያህል ጊዜ ይከሰታል? እጅግ አልፎ አልፎ። ቢሆንም አስበውበታል፣ እኔን ልብ የሚነካኝ ይሄ ነው።

ኤክስኤፍኤስ ደግሞ የሎጉ እያንዳንዱ 512 ባይት ላይ የዙር ቁጥር ያትማል። ሲነሳ ቁጥሩ የሚቀየርበትን ቦታ ፈልጎ የሎጉ ራስ የት እንደቆመ ያውቃል። ከዚያ ከራሱ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ያጸዳዋል። መብራት ሲጠፋ በግማሽ የተጻፉ ቁርጥራጮች እዚያ ካሉ፣ በሚቀጥለው አደጋ ሕያው መዝገብ መስለው እንዳይታዩ ነው።

ፈጣኑ ኮሚት ያመጣው አዲስ ጥያቄ

እስካሁን ያለው የቆየ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ታኅሣሥ 2020 ላይ በወጣው ሊኑክስ 5.10 ኤክስት4 «ፋስት ኮሚት» የሚባል ነገር አገኘ። ሙሉ ብሎኮችን ከመገልበጥ ይልቅ «ይህ ፋይል እነዚህን ብሎኮች ይዟል»፣ «ይህ ስም ለዚህ ኢኖድ ተሰጥቷል» የሚሉ አጫጭር መዝገቦችን ይጽፋል። ፈጣን ነው።

ግን ሪከቨሪው ተቀየረ። ግልባጭ መለጠፍ ቀረና ሥራውን እንደገና መሥራት ሆነ። እንደገና ሲሠራ አንዳንዴ አዲስ ብሎክ ያስፈልገዋል፣ ለምሳሌ ዳይሬክተሪው ሞልቶ ስም ሲጨመርበት። ከየት ያመጣዋል? ከነጻ ቦታ። ነገር ግን ቢትማፑ ገና አልታደሰም፣ ነጻ ነው የሚለው ቦታ ላይ የሌላ ፋይል ይዘት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ያ ፋይል ደግሞ ከአሥር መዝገብ በኋላ ተራው ገና ሊደርስ ነው። ብሎኩን ከወሰደ የፋይሉን ይዘት በላው።

መፍትሔው አሁንም ያው ጥበብ ነው፦ መጀመሪያ ማንበብ። በመቃኛው ዙር በፋስት ኮሚቱ ውስጥ የተጠቀሱትን ብሎኮች ሁሉ ይመዘግባል፣ በመጻፊያው ዙር ብሎክ አከፋፋዩ ከእነዚያ አንዱንም እንዳይሰጥ ይከለከላል። ስሙ ተቀየረ፣ ዘመኑ ተቀየረ፣ ጥያቄው ያው ነው፤ የቱን ነው መንካት የሌለብኝ?

እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ጥበብ በአንድ ትእዛዝ ማበላሸት ይቻላል።

አንድ ወዳጄ በስህተት አንድ ሙሉ ፎልደር ሰረዘ። ብልህ ነው፣ ወዲያው ገመዱን ነቀለ። ትክክል ነበር፣ ስረዛው ኮሚት ቢደረግም ገና ቦታው አልደረሰም ነበርና፣ ዲስኩ ላይ ያሉት የድሮ ኢኖዶች አሁንም ፋይሎቹ የት የት እንደተቀመጡ ይናገራሉ። ከዚያ ዲስኩን አምጥቶ ሰጠኝ። እኔም ለማየት ብዬ ማሽኔ ላይ ሰክቼ ሪድ ኦንሊ ማውንት አደረግኩት፣ ማለትም ከፈትኩት። ማንበብ ብቻ ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ። ኤክስት4 ግን ሪድ ኦንሊ ሲባል «ተጠቃሚው አይጻፍ» ብሎ ነው የሚረዳው። ራሱ ጆርናሉን ይመልሳል። መለሰውም። ስረዛው ሎጉ ውስጥ ነበረ፣ በታዛዥነት ወደ ቦታው ወሰደው፣ በእነዚያ ኢኖዶች ውስጥ የነበሩትን የብሎክ አድራሻዎች ባዶ አደረጋቸው። ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ። ፋይሎቹን በከፊል ብቻ ነው ያወጣንለት፣ ያለ ስማቸው፣ በይዘታቸው ዓይነት እየገመትን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኤክስት4 ላይ ሪድ ኦንሊ ከሚለው ጋር «ኖሎድ» የሚለውን ማከል ነበረብኝ። ኤክስኤፍኤስ ላይ ያው ነገር «ኖሪከቨሪ» ይባላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዲስኩን ራሱን በከርነሉ ደረጃ እንዳይጻፍበት መቆለፍ ነበረብኝ፣ ብሎክዴቭ በሚባለው ትእዛዝ። እንዲህ ከተቆለፈ ኤክስት4 ሪከቨሪ ሊያደርግ ሲሞክር መጻፍ እንደማይችል ያይና ይቆማል፣ እንዲያውም ኖሎድን ሞክር ብሎ ራሱ ይመክራል። ከሁሉ በፊት ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ቅጂው ላይ መሥራት። ዲስኩ የታመመ ከሆነ ከተራው የመገልበጫ ትእዛዝ ከዲዲ ይልቅ ዲዲሬስኪው ይሻላል፣ የማይነበበውን አልፎ በኋላ ይመለስበታል።

ሌላው የምፈራው ትእዛዝ የኤክስኤፍኤስ መጠገኛ ላይ ያለችው ትልቋ ኤል ናት። ሎጉ ያልተመለሰ ሲሆን መጠገኛው አልሠራም ይላል፣ መጀመሪያ ማውንት አድርጉና ይመለስ ይላል። ሰው ይቸኩላል፣ ኤልን ይጨምራል፣ ሎጉ ይጸዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሎጉ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ «ተቀምጧል» ተብሎ የተነገረን ሥራ ጭምር፣ አብሮ ሄደ። የሚገባት ጊዜ አለ፣ ማውንቱ ጭራሽ እምቢ ሲል፣ ያኔም ቅጂ ከተያዘ በኋላ።

አንድ ዲስክ ለሁለት ማሽን መስጠት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ቨርቿል ማሽኖች ላይ በቀላሉ ይደረጋል። አንዱ እየሠራበት ያለውን ዲስክ ሌላው ማውንት ሲያደርግ ሎጉ ባዶ ስላልሆነ «ድንገት ሞቷል» ብሎ ያስብና መመለስ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ሜሞሪው ውስጥ ያለውን ይጽፋል፣ ሁለቱ አንዱ የሌላውን እየደመሰሱ ይሄዳሉ። ኤክስት4 ኤምኤምፒ የሚባል መከላከያ አለው፣ ዲስኩ ላይ በየጊዜው «እኔ እዚህ ነኝ» የሚል ምልክት ያኖራል፤ ግን ካላበራችሁት አይሠራም። ሃይበርኔት ያደረገ ኮምፒውተርን ዲስክ በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መክፈትም ያው ነው፣ የተኛው ማሽን ሲነቃ የድሮውን ነው የሚያስታውሰው። ሆን ተብሎ ዲስክ የሚጋሩ የክላስተር ፋይል ሲስተሞች፣ እንደ ጂኤፍኤስ2 ያሉት፣ የሞተውን ማሽን ጆርናል ሌላው ይመልስለታል፣ ከዚያ በፊት ግን የሞተ የመሰለው ማሽን ከዲስኩ በእርግጥ መቆረጡ መረጋገጥ አለበት። ግማሽ ሞት አደገኛ ነው።

አሁን ዲስክ ሲመጣልኝ እንዲህ ነው የማደርገው። እቆልፈዋለሁ። እገለብጠዋለሁ። ቅጂው ላይ ሌላ ንብርብር አደርግበታለሁ፣ የሚጻፈው ሁሉ ንብርብሩ ላይ እንዲቀር፣ ካልጣመኝ ጥዬው ከመጀመሪያው እንድጀምር። ከዚያ ዳምፕኢ2ኤፍኤስ የሚባለውን የኤክስት4 መረጃ ማሳያ አስኬድና «ሪከቨሪ ያስፈልገዋል» የሚለው ምልክት መኖሩን አያለሁ። ካለ፣ ሁለት ጊዜ እከፍተዋለሁ፣ አንዴ ሎጉ ሳይመለስ፣ አንዴ ሌላ ንብርብር ላይ ሎጉ ተመልሶ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የሚፈለገው ፋይል የትኛው ውስጥ እንዳለ አያለሁ። የተሰረዘ ነገር ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ያልተመለሰው ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ይጽፍ የነበረውን ለሚፈልግ ደግሞ የተመለሰው ውስጥ።